መብራቱን አታብሩ

ትሪዬስቴ ላይ ነፋስ ስም አለው እንደ ሰው፤
ኅዳር ሲገባ ነው
«ቦራ» ከተራራው ወርዶ የሚያምሰው።
ባርኔጣ ይቀማል፤
ዣንጥላ ሰባብሮ ለባሕር ይጥላል።
ድሮ በየጥጉ ይወጠር ነበር አሉ፣ ወፍራም የመርከብ ገመድ፣
አላፊ አግዳሚው የሚይዘው፣
እንደ ክንድ፣ እንደ ዘመድ።

የገመዱ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ፤
አዳራሹ ቀረ።
እዚያ ነው በየዓመቱ፣
ሠላሳ አንድ ኅዳር ሳይታጎል፣
ሴት የሠራችው ፊልም፣ የሴት ነገር፣
አምስት ሌሊት የሚታየው።

እኔ ዘጠኙን ነው ያየሁ።
መጀመሪያ የመጣሁትም ኦንዲናን ልገፋ ነው፣
የማስታምማትን፣ ባለ ጋሪዋን፤
ለሷ ሲኒማ፣ ለኔ የሥራ ሰዓት።
በር ጥግ ቆሜ ሳለሁ ዞራ አየችኝና
«እጅሽ ባዶ ነው?» አለች፤
መልስ እስክሰጥ አልጠበቀች፣
የትኬት ጥቅል አስጨበጠች።
ይኸው እስከ ዛሬ ትኬት ቀዳጅ ነኝ።

ደመወዝ የለንም።
«ቢኖረንማ ኖሮ» ትላለች ዞራ፣
«በሦስተኛው ዓመት ተጣልተን በተበተንን።»
ያለ ደመወዝም እንጣላለን እኮ፤
በወንበር፣ በሾርባው ጨው፣
በፖስተሩ ቀለም፣
አምና ማን ቀድማ እንዳኮረፈች ለማስታወስ እንኳ።
ግን ነፋሱ በሩን ሲደበድብ
ያኮረፈችውም መጥታ ከውስጥ በኩል ትገፋለች።

ፉልቪያን ላንሳ፤ የአውቶቡስ ሾፌር ናት።
ከፈረቃዋ ወጥታ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣
ከግርጌ የሚወጣውን ትርጉም በጣቷ ትለቃለች፤
ተናጋሪዋ አፏን ስትከፍት
ጣት መውረድ፣ ቃል መብራት።
አንድ ፊልም ላይ ሚስትየዋ
ዐሥራ አንድ ደቂቃ ዝም አለች።
የፉልቪያ ጣት ከቁልፉ በላይ
አየር ላይ ቆየ፤ አልወረደ፣ አልታጠፈ።
ኋላ «ዛሬስ አረፍሽ» ብላት፣
«እሱን መተርጎም ነው የከበደኝ» አለችኝ።

ያልተጻፈ ሕግም አለን፤
የመጨረሻው ስም ሳያልፍ መብራት አይበራም።
ሰው ኮቱን ይደርባል፣ አውቶቡሱን ያስባል፤
ዞራ ማብሪያውን በጀርባዋ ከልላ፣
«ቁጭ በሉ!
ልብስ የተኮሰችው ገና አላለፈችም!»

ዘንድሮ
ከአልጋ ሥር፣ ከጫማ ካርቶን፣ አንድ ፊልም ተገኘ፤
ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው፣
ዐሥራ ስምንት ደቂቃ።
ማይዳ የምትባል የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ
በውሰት ካሜራ
እዚሁ አዳራሽ ውስጥ የቀረጸቻቸው
ሠላሳ ያህል ሴቶች፣ ቃጫ ሲገምዱ፣
ገመዱ እንዲረዝም
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲራመዱ።
እኛ የተቀመጥንበትን ነው የሚረግጡት።

አለቀ። መጋረጃው ነጭ ሆነ።
ስም የለውም መጨረሻው፤
ጥቅሉ አልቆባት ነው፣
ወይ «ማን ይጠይቃል?» ብላ።
ዞራ የምትጠብቀው የለም፤
ግን እጇ እንቢ አለ።

ያኔ ከጋሪዋ ላይ
ፊልም ሳይጋመስ የምታንኮራፋው ኦንዲና፣
«ባለ መነጽሯ ብሩና ናት» አለች።
«ቀጥላ ሚርካ። ሁለት ጣት የላትም፤ ልብ አላችሁ?
ያቺ የምትስቀው፣
ያቺ እኔ ነኝ።»

ዘጠኝ ዓመት እጇን ሳጥብ
መዳፏ ላይ የቀረው መጅ
የእርጅና ነበር የመሰለኝ።

ከወዲያ ጥግ አንዷ «እናቴ!» አለች፤
ከኋላ ሌላ ስም፤ ሌላ።
ደግመን አሳየነው። ስም በስም ላይ ተገመደ፣
አንዲት እስክትቀር፤
ከመስኮቱ ሥር፣ ሻርፗ የተፈታ፣ ጀርባዋን የሰጠች።
«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የሠራች» አለች ኦንዲና፤
«ስሟን አልጠየቅኋትም።»

ዞራ አየችን።

በስልክ ብርሃን ወለሉን ጠረግን፤
በጨለማ ወንበር አጠፍን፤
ኦንዲናን በኮቷ ጠቀለልኋት።
በሩ ሲከፈት ነፋሱ ገባ፤
ፊት የሚሰጡት አይደለም፤
ጋሪውን ይዤ ወደ ውጭ ሳብሁ፣
ጀርባዬን ለቦራ ሰጥቼ፣
ወደ ኋላ፣
ወደ ኋላ እየተራመድሁ።